ኤድስገር ዳይክስትራ፤ ሕይወቱና ሥራው ከአምስተርዳም እስከ ፍኖተ ሰላም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ መንገደኛ ደጀን ሲደርስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ይዞራል። ሁለተኛው በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት በኩል ያቀናል። የትኛው እንደሚሻል የአገሩ ሾፌር ካርታ ሳይዘረጋ ያውቀዋል፤ የክረምቱን ጭቃ፣ የድልድዩን ደኅንነትና የገበያውን ቀን አመዛዝኖ መሪውን ያዞራል። አንዱ መንገድ ቢዘጋ ከወዲያ ከመጣ ባልደረባው ወሬውን ሰምቶ አሳቡን ይለውጣል።

ዛሬ በየከተማው በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የጤና ድርጅቶች ውስጥ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም ከአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚኖር መሣሪያ ይህንኑ የሾፌር ሥራ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያከናውናል። ስሙ ራውተር ነው፤ በአማርኛ መንገድ መሪ ብንለው ከግብሩ አንርቅም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መልእክት ተቆራርሶ በእሽግ በእሽግ ሲመጣለት እያንዳንዱን እሽግ በየትኛው በር ማስወጣት እንደሚገባው ይወስናል። ይህን የሚያደርገው ግን ብረቱና ሽቦው ብቻ አይደለም። በውስጡ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አንዱ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፣ አንዱ መንገዱን ያሰላል፣ አንዱ በሮቹን ይጠብቃል፣ አንዱ የሆነውን ሁሉ ይመዘግባል፣ አንዱም የሌሎቹን ጤንነት ይቆጣጠራል።

እነዚህ ሠራተኞች መንገድ የሚመርጡበትን ስሌት፣ እርስ በርስ ሳይጋጩ የሚተባበሩበትን ሥርዓት፣ እንዲሁም ተሳስተው ሳሉ ራሳቸውን የሚያቃኑበትን መርሕ ለዓለም ያበረከተው ሰው አንድ ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም። ይህ ሰው ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ነው። የማኅበራችን አባላት ስሙን በዩኒቨርሲቲ ሳለን በአንድ ወይም በሁለት ትምህርት ሰምተነው አልፈናል። ሕይወቱን በሙሉ ማወቅ ግን ለሥራችን የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ ላቀርበው እወዳለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ልደቱ፣ ትምህርቱና ስም ያልነበረው ሙያ

ዳይክስትራ ግንቦት 11 ቀን 1930 በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ መምህር፣ የአገሩ የኬሚስትሪ ማኅበርም ፕሬዚዳንት ነበሩ። እናቱ የሒሳብ ምሁር ነበሩ፤ ነገር ግን በዚህ ሙያቸው ተቀጥረው ሠርተው አያውቁም። ልጁ ግን ከእናቱ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ወረሰ፤ ይኸውም የሒሳብ መፍትሔ ከጥቂት መስመሮች በላይ እየረዘመና እየተወሳሰበ ከሄደ መንገዱ ተስቷል ብሎ መጠርጠር ነው። ዐሥረኛ ዓመቱን በያዘ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 14 ቀን 1940፣ የጀርመን አውሮፕላኖች የሮተርዳምን መካከለኛ ክፍል በቦምብ አወደሙት። የልጅነቱ ቀሪ ዘመን በጦርነትና በወረራ ውስጥ አለፈ። ምናልባትም ከዚህ የተነሣ ይሆናል፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ ሲቃረብ ሕግ አጥንቶ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሩን ለመወከል ይመኝ ነበር። በሳይንስ ያገኘው ውጤት እጅግ ከፍተኛ ስለነበር ግን በ1948 ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብና ፊዚክስ እንዲያጠና ተደረገ።

በ1951 አባቱ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አዩ። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት ሳምንት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት እንደሚሰጥ የሚገልጽ ነበር። ልጃቸው በመስከረም ወር ሄዶ ተማረ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል በትርፍ ጊዜ ተቀጠረ፤ በዚህም የሆላንድ የመጀመሪያው ፕሮግራም ጸሐፊ ለመባል በቃ። ሦስት ዓመት ያህል በሁለት ልብ ቆየ። ፊዚክስ የተከበረ፣ ሥርዓቱ የታወቀ ትምህርት ሲሆን የፕሮግራም ሥራ ግን ገና ሙያ መሆኑ እንኳ አልታወቀም ነበር። ጭንቀቱን ለአለቃው ለአድሪያን ፋን ዋይንጋርደን ሲያዋይ፣ ዕውቀቱ ገና ያልተደራጀ ከሆነ ለማደራጀት ከተጠሩት አንዱ ራሱ ሊሆን እንደሚችል አስረዱት። ከዚያ በኋላ ዳይክስትራ ወደ ኋላ አላለም።

በ1957 ማሪያ ዴቤትስን ሲያገባ በጋብቻው መዝገብ ላይ ሙያውን እንዲያስመዘግብ ተጠየቀና ፕሮግራም ጸሐፊ መሆኑን ገለጸ። የከተማው ሹማምንት እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው ስላልተቀበሉት የፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተጻፈ። ከዚህ ጋብቻ ሦስት ልጆች ተወልደዋል።

አጭሩ መንገድ

በ1956 የሒሳብ ማዕከሉ አርማክ የተባለ አዲስ ኮምፒዩተር ሠርቶ ለማስመረቅ ተዘጋጀ። በምረቃው ላይ የሚገኙት እንግዶች ሒሳብ የማያውቁ በመሆናቸው ማንም ሊረዳው የሚችል ጥያቄ ለመሣሪያው መስጠት አስፈለገ። ዳይክስትራ የመረጠው ጥያቄ በሆላንድ ውስጥ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ የቱ ነው የሚል ነበር። ለዚሁም 64 ከተሞች ያሉት ካርታ አዘጋጀ። የስሌቱን ዘዴ ያገኘው ግን ከጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ከእጮኛው ጋር በአምስተርዳም ገበያ ሲዘዋወር ደክሟቸው በአንድ ቡና ቤት ደጅ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ እርሳስና ያለ ወረቀት አሰበው። ጽሑፉ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1959 ሲሆን ርዝመቱ ሦስት ገጽ ብቻ ነው።

ዘዴው ምን እንደሆነ በራሳችን አገር መንገድ እንየው። በየከተማው አንድ ራውተር አለ እንበል፤ በሁለት ከተሞች መካከል ያለው መሥመርም ዋጋ ይኑረው። የምሰጣቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ብቻ የተመረጡ እንጂ የኪሎ ሜትር ልክ አይደሉም። ከደጀን ቢቸና 2፣ ከቢቸና ሞጣ 6፣ ከሞጣ አዴት 5፣ ከአዴት ባሕር ዳር 2 ይሁን። በሌላው ወገን ከደጀን ደብረ ማርቆስ 3፣ ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም 4፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 1፣ ከቡሬ እንጅባራ 2፣ ከእንጅባራ ዳንግላ 2፣ ከዳንግላ ባሕር ዳር 4 ይሁን። በተጨማሪም ተራራ ለተራራ የሚተያይ የሬዲዮ መሥመር ከፍኖተ ሰላም ወደ አዴት ተዘርግቷል፣ ዋጋውም 5 ነው ብለን እናስብ።

የደጀኑ ራውተር ስሌቱን የሚጀምረው ከራሱ ነው። በአንድ እርምጃ የሚደርስባቸው ቢቸና በ2፣ ደብረ ማርቆስ በ3 ናቸው። ከሁለቱ ትንሹን ቢቸናን ያጸድቃል፤ ከዚህ ባነሰ ዋጋ ወደ ቢቸና የሚያደርስ ሌላ መንገድ ሊኖር አይችልምና። በቢቸና በኩል ሞጣ በ8 ይደረሳል ብሎ በእርሳስ እንደሚጽፍ ሰው ይይዛል። ቀጥሎ ደብረ ማርቆስን በ3 ያጸድቅና ፍኖተ ሰላምን በ7 ይመዘግባል። ፍኖተ ሰላም ሲጸድቅ ቡሬ 8፣ አዴት 12 ይሆናሉ። ሞጣ በ8 ሲጸድቅ አዴትን በ13 አደርሳለሁ ይላል፤ ነገር ግን 12 ስለተገኘ አይቀበለውም። በዚህ ሁኔታ ያልጸደቁት ሁሉ እያለቁ ይሄዱና ባሕር ዳር በአዴት በኩል 14 ሆኖ ይጸድቃል። በቡሬና በዳንግላ በኩል ቢኬድ ግን 16 ይሆን ነበር። ዘዴው በሙሉ ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ከቀሩት ቅርቡን ማጽደቅ፣ በእርሱም በኩል ጎረቤቶቹን እንደገና መመዘን።

አሁን በክረምት መብረቅ የሬዲዮውን ማማ መታው እንበል። የፍኖተ ሰላምና የአዴት ራውተሮች ሰላምታ መለዋወጥ ያቆማሉ። በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውና ዛሬም በሰፊው በሚሠራበት የመንገድ መምረጫ ሥርዓት እንደተለመደው፣ ጎረቤታሞች በየ10 ሴኮንዱ ሰላምታ ይላላካሉ፤ 40 ሴኮንድ ሙሉ ድምፅ ያልተሰማበት ጎረቤት እንደሞተ ይቆጠራል። ወሬው ለሁሉም ይዳረሳል፤ እያንዳንዱ ራውተር የዳይክስትራን ስሌት ከመጀመሪያው ይደግማል። ከደጀን ባሕር ዳር በሞጣ በኩል 15 ሆኖ ይገኛል። ፍኖተ ሰላምም በፊት በአዴት በኩል በ7 ይልክ የነበረውን በቡሬ በኩል በ9 መላክ ይጀምራል። ተገልጋዩ ምናልባት ጥቂት መዘግየት ይሰማው ይሆናል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም። የአምስተርዳሙ የ20 ደቂቃ አሳብ በጎጃም ደጋ ላይ ሥራውን ሠርቶ አለፈ ማለት ነው።

በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሠራተኞች

ብዙ ሰው ዳይክስትራን የሚያውቀው በዚህ ስሌት ነው። ለራውተር ሥራ ከዚህ የማያንስ ሌላ ውለታ ግን አለበት። በ1950ዎቹ መጨረሻ የማዕከሉ ባልደረቦች ኤክስ 1 የተባለ ኮምፒዩተር ሲነድፉ አዲስ ነገር ጨመሩበት። ከውጭ ያለ ዕቃ፣ ለምሳሌ የማተሚያ መሣሪያ፣ ሥራውን ሲጨርስ የኮምፒዩተሩን ሥራ አቋርጦ ጉዳዩን እንዲያስታውቅ ተፈቀደለት። ዳይክስትራ ይህን አሳብ ሲሰማ ደነገጠ። እስከዚያ ድረስ አንድ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ቢሠራ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። አሁን ግን ማቋረጫው በየትኛው ቅጽበት እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ዛሬ የታየ ስሕተት ነገ ላይደገም ይችላል፤ የማይደገም ስሕተት ደግሞ ተፈልጎ አይገኝም። ፍርሃቱን ግን ወደ ጥናት ለወጠው፤ በ1959 የዶክትሬት ማዕረጉን ያገኘውም ይህንኑ የግንኙነት ሥራ በሚመለከት ጽሑፍ ነው።

በ1962 በአይንድሆፈን ከተማ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያም ከጥቂት ረዳቶች ጋር በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ሥራዎችን አብሮ የሚያስኬድ ሥርዓት ሠራ። በ1968 የታተመው የዚህ ሥራ መግለጫ ሁለት ታላላቅ አሳቦችን ይዟል። አንደኛው፣ ሥራውን ሁሉ እርስ በርስ በሚተባበሩ፣ እያንዳንዳቸው ግን በየራሳቸው ፍጥነት በሚጓዙ ሠራተኞች መክፈል ነው። በሙያው ቋንቋ ፕሮሰስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ሂደት እላቸዋለሁ። ሁለተኛው፣ ሂደቶቹን በደርብ በደርብ አድርጎ መሥራት ነው። የታችኛው ደርብ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ የላይኛው በእርሱ ላይ ይገነባል።

ሂደቶች ሲተባበሩ የሚነሣው ችግር ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም። ከአንድ ወንዝ የተጠለፈ አንድ የመስኖ ቦይ ብዙ ማሳ ያጠጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ውሃውን ወደየራሱ ቢመልስ ለማንም አይደርስም፤ ጠብም ይነሣል። ስለዚህ የውሃ አባት ይመረጥና ተራ ያስጠብቃል። ተራው የደረሰ ያጠጣል፣ ሲጨርስ ለውሃ አባቱ ያስታውቃል፣ ቀጣዩም ይፈቀድለታል። ዳይክስትራ ከባቡር ሐዲድ ምልክት ስሙን ወስዶ ሴማፎር ያለው መሣሪያ የውሃ አባት ማለት ነው። አንድ ሂደት የጋራውን ሰሌዳ ለመንካት ሲፈልግ በሴማፎሩ ፊት ይቆማል፤ ሰሌዳው በሌላ ከተያዘ ይተኛል፤ ሲለቀቅ ይቀሰቀሳል። በራውተር ውስጥ መንገድ የሚያሰላው ሂደት የመንገዱን ሰሌዳ ሲለውጥ፣ እሽግ የሚያሳልፈው ሂደት ግማሹ የተለወጠ ግማሹ ያልተለወጠ ሰሌዳ እንዳያነብ የሚጠብቀው ይኸው ዘዴ ነው።

ነገር ግን ተራ አጠባበቁ ራሱ ወጥመድ አለበት። ሁለት ሠራተኞች ቢኖሩ፣ አንዱ ማረሻ ይዞ ሞፈር ቢጠብቅ፣ ሌላው ሞፈር ይዞ ማረሻ ቢጠብቅ፣ ማናቸውም የያዙትን ካልለቀቁ ዝናቡ አልፎ ክረምቱ ይወጣል። ሁለቱም አልታመሙም፣ ሁለቱም አልሰነፉም፤ ግን እርሻ የለም። ዳይክስትራ ይህን ወጥመድ በ1965፣ በኋላ የአምስት ፈላስፎች ማዕድ ተብሎ በታወቀ የፈተና ጥያቄ ለተማሪዎቹ አቀረበው። ጥያቄው እስከ ዛሬ ድረስ በመላው ዓለም ይሰጣል።

በአንድ ከተማ የደረሰብኝ

ይህን ወጥመድ ከመጽሐፍ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምዕራብ ጎጃም ውስጥ ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት አቤቱታ መጣ። ራውተሩ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ሌሊት ሌሊት ግንኙነቱን ያቋርጣል፤ ጠዋት ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ከመብራቱ ነቅለው ሲመልሱት ይነሣል። ከገጠር ቀበሌዎች ገና ጎሕ ሳይቀድ በእግራቸው ተነሥተው የሚመጡ ባለጉዳዮች አሉ፤ መሥመሩ ከሌለ ቀኑን ሙሉ ደጅ ውለው ይመለሳሉ። እኔም ከሩቅ ሆኜ የቁጥጥር መዝገቡን ተመለከትሁ። ተቆጣጣሪው ሂደት ሌሊቱን በሙሉ ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ጥፋቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ያለ ሥርዓት ከሚነቅሉት ሰው ነው ብዬ ሪፖርት አቀረብሁ። በዚህ ሪፖርት መነሻ ለጥበቃ ሠራተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ።

አቤቱታው ባለመቆሙ በሁለተኛው ወር ወደ ከተማው ሄድሁ። ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው እኒያ ሽማግሌ ጠባቂ ምንም ሳይከፋቸው በሩን ከፍተው ሻይ አቀረቡልኝ፤ የትኛው መብራት መቼ እንደሚለወጥም ከእኔ የተሻለ ያውቁ ነበር። ሁለት ሌሊት አብረን አደርን። በሁለተኛው ሌሊት መሥመሩ ሲቋረጥ ማንም ሳይነቅለው በመቈጣጠሪያው ገመድ ገብቼ የሂደቶቹን ዝርዝር አወጣሁ። መንገድ የሚያሰላው ሂደት የመንገዱን ሰሌዳ ይዞ የምዝገባውን ሰሌዳ ይጠብቃል፤ መዝጋቢው ሂደት የምዝገባውን ሰሌዳ ይዞ የመንገዱን ሰሌዳ ይጠብቃል። ማረሻና ሞፈር ማለት ይህ ነበር። ተቆጣጣሪውስ ለምን ደኅና ነው አለ? እርሱ የሚጠይቀው ሂደቶቹ መኖራቸውን ብቻ ነበርና። መኖርስ ነበሩ፤ የማይሠሩ ሆነው ነበር እንጂ።

በዚህ ጊዜ በጣም አፈርሁ። ያ ሁሉ ቁጥጥር ያላየውን ያዩት፣ ሥራውንም ያቃኑት የነበሩ በደብዳቤ የተቀጡት ሰው ናቸው። በማግሥቱ ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍሁ፤ የመጀመሪያው ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም የእኔ መሆኑን ገለጽሁ፤ ደብዳቤውም ተነሣ። ፕሮግራሙ በታረመው ዓይነት ተተካ። ቁጥጥሩንም ለወጥን። ተቆጣጣሪው ከእንግዲህ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ የሙከራ እሽግ ከበር እስከ በር ልኮ መድረሱን ያያል፤ እያንዳንዱ ሂደትም ካለፈው ጥያቄ ወዲህ አንድ ሥራ ፈጽሞ እንደሆነ በቁጥር እንዲያስታውቅ ይገደዳል። ቁጥሩ ካልጨመረ ሂደቱ እንደገና ይነሣል፤ ከመነሣቱ በፊት ግን የነበረበት ሁኔታ ይመዘገባል። ማስረጃው ሳይጻፍ ከጠፋ ሕመሙ አይታወቅም።

እንዲህ ያለው ነገር በታላላቆቹም ዘንድ ሆኗል። በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የአሜሪካ መንኰራኵር ኮምፒዩተር ደጋግሞ ራሱን ያስነሣ ነበር። ምክንያቱ አንድ አስቸኳይ ሂደት፣ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ሂደት በያዘው ቁልፍ መታገዱ ነበር። ጠባቂው የሥራውን መዘግየት አይቶ ሁሉን ስላስነሣ መንኰራኵሯ ከሞት ዳነች፤ መሐንዲሶቹም ከምድር ሆነው አስተካከሉት።

ዳይክስትራ ሥራ አብቅቶ ከተሞከረ በኋላ ስሕተት ከማደን ይልቅ አስቀድሞ በማስረጃ እየተደገፉ መሥራት ይሻላል እያለ ዕድሜውን በሙሉ ያስተማረው ለዚህ ነው። መሣሪያውን ሺህ ጊዜ ሞክሮ አለመሰናከሉን ማየት ለትክክለኛነቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሺህ አንደኛው ሌሊት በአንድ ገጠር ከተማ ሊመጣ ይችላልና። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን ትምህርት በሁለት ቃል ያወቁት ይመስላል።

ራሱን የሚያቃና መረብ

ከአይንድሆፈኑ ሥራ በኋላ ዳይክስትራ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ደረሰበት፤ ከዚያም በመጻፍ ጭምር ተጽናንቶ ተነሣ። በ1972 የሙያው ታላቅ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። በዚያ ጊዜ ያደረገው ንግግር ፍሬ አሳቡ ትሕትና ነበር፤ የሰው አእምሮ ጠባብ መሆኑን ያወቀ መሐንዲስ ሥራውን በዚያው ልክ ግልጽና አጭር አድርጎ ይሠራል የሚል ነው።

በ1974 ያወጣት የሁለት ገጽ ጽሑፍ ለዓመታት አስተዋይ አላገኘችም። በጽሑፏ ያነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነበር። ብዙ መሣሪያዎች ያሉበት ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ጎረቤቱን ብቻ እያየ፣ ከማናቸውም የተበላሸ ሁኔታ ቢነሣ፣ የውጭ እጅ ሳይገባበት በውሱን እርምጃ ወደ ትክክለኛው ሥራው ሊመለስ ይችላልን? ዳይክስትራ ይቻላል ብሎ አሳየ።

የጥያቄው ክብደት የታወቀው በኋላ ነው። የኢንተርኔት አባት የሚባለው የአሜሪካው መረብ አርፓኔት በ1979 አካባቢ በዳይክስትራ ስሌት መንገድ መምረጥ ጀምሮ ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 1980 የአንድ ራውተር ማኅደር ተበላሽቶ አንድ መልእክት ሦስት መልክ ይዞ ወጣ። የተሰጣቸው ተራ ቁጥሮች በክብ የሚዞሩ ስለነበሩ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውም ከአንደኛው አዲስ ሆነው ታዩ። ሦስት ወንድማማቾች እያንዳንዱ ከሌላው ታናሽ ነኝ ቢል እንደማለት ነው። እያንዳንዱ ራውተር አዲሱን ተቀብሎ ለጎረቤቱ ሲያስተላልፍ መረቡ በእነዚያው ሦስት መልእክቶች ተጥለቀለቀ። የተበላሸው መሣሪያ ከመረቡ ከተለየም በኋላ መልእክቶቹ በጤነኞቹ መካከል መዞራቸውን አላቆሙም። አገልግሎቱ ለበርካታ ሰዓቶች ተቋረጠ፤ መፍትሔውም በሰው እጅ ሆነ።

ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ሥርዓቱ ግን ራሱን ማቃናት አልቻለም። በ1983 ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት መሐንዲስ መልእክት ሁሉ ዕድሜ እንዲኖረውና ጊዜው ሲያልፍ እንዲሞት የሚያደርግ ራሱን የሚያቃና አሠራር አቀረበች። ዛሬ በተጠቀሰው የመንገድ መምረጫ ሥርዓት እያንዳንዱ ራውተር ስለ ራሱ የሚናገረውን በየ30 ደቂቃው ያድሳል፤ ያልታደሰ ወሬ በ60 ደቂቃ ይሞታል። የሐሰት ወሬ ለዘለዓለም አይኖርም ማለት ነው። ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ባለሙያ እስኪመጣ ሰዓታት ለሚወስድበት ገጠር ከተማ የዚህ ጥቅም ከፍ ያለ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ከ1973 ጀምሮ ዳይክስትራ የበሮውዝ ኩባንያ ተመራማሪ ሆኖ ኑዌነን በተባለች መንደር ከቤቱ ሠራ፤ በሳምንት አንድ ቀን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ወደ አይንድሆፈን እየሄደ ከባልደረቦቹ ጋር ጽሑፎችን በጥብቅ ይመረምር ነበር። በ1984 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1999 አስተማረ። የኮምፒዩተር ሳይንስ መሥራች ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ሳለ ለረጅም ዘመን ኮምፒዩተር ከቤቱ አላስገባም። አሳቡን ሁሉ በቀለም ብዕር በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ይጽፍና በቁጥር ምልክት እያደረገ ቅጂውን ለወዳጆቹ ይልክ ነበር። ወዳጆቹም አባዝተው ለሌሎች ያድላሉ። እነዚህ ጽሑፎች ከ1300 በላይ ናቸው። እርሱም ራሱ መንገድ መሪ የማያስፈልገው መረብ ነበረው ለማለት ይቻላል።

ጠባዩ ለሁሉ የሚመች አልነበረም። በጥድፊያ የተሠራን ነገር ያለ ርኅራኄ ይነቅፍ ስለነበር ትዕቢተኛ ያሉት አሉ። ከባለቤቱ ጋር በመኪና ተጉዞ የአሜሪካን የዱር ሥፍራዎች መጐብኘት ይወድ ነበር። በ2002 በካንሰር ታሞ ወደ ኑዌነን ተመለሰና ነሐሴ 6 ቀን ዐረፈ። በዚያው ዓመት የ1974ቱ የሁለት ገጽ ጽሑፉ ተሸለመ፤ ሽልማቱም በሚቀጥለው ዓመት በስሙ ተሰየመ።

በአገራችን የስልክ መሥመር በገጠር ከተሞች ሲዘረጋ ከማዞሪያው ፊት ተቀምጦ ጥሪውን ከጥሪ የሚያገናኝ ሠራተኛ ነበር። መሥመሩ ሲታመም በድምፁ ያውቀዋል፤ የሚጠብቀውን ሰው ችግርም ያውቃል። ዛሬ ያን ወንበር ለሂደቶች ለቅቀናል። ለቅቀን ስንወጣ ግን ኀላፊነቱን ይዘን እንጂ ትተን መውጣት አይገባንም። ዳይክስትራን ሳነብ የሚሰማኝ ይኸው ነው። እርሱ ቡሬንም ፍኖተ ሰላምንም አላያቸውም፤ ስማቸውንም የሰማ አይመስለኝም። ቢሆንም ፕሮግራሙ ትክክል መሆኑን አስቀድሞ ለማረጋገጥ የደከመው፣ ማንም መሐንዲስ በሌለበት ሌሊት መሣሪያው ብቻውን እንደሚቀር ስላወቀ ነው።

እኒያ ሽማግሌ ጠባቂ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ሳልፍ ቤታቸው ጐራ ብዬ ነበር። ስለ መሣሪያው ጠየቁኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳልነቀለው ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ ቢሆንም አልፎ አልፎ የሚያየው ሰው እንዳይታጣ አደራ አሉኝ። አደራውን ተቀብዬ ወጣሁ፤ በዚህ ጽሑፍም ለሙያ ባልደረቦቼ አስተላልፋለሁ።